ምዕራፍ 7፦ አዲሱ ሄሊኮፕተርና የጋምቤላ አየር

ጋምቤላ ከተማ ውስጥ አዲስ የሪሞት ሄሊኮፕተር ከካርቶኑ ወጥቶ አልነሳ ሲል ቶሎ የሚቀርበው ምክንያት ሙቀቱ ነው። አየር ሲሞቅ ይሳሳል፣ የሳሳ አየር ደግሞ ክንፍ አይሸከምም፤ ስለዚህ ጥፋቱ የየካቲት ፀሐይ ነው ይባላል። የክርክሩ ግማሽ እውነት ነው፤ የሞቀ አየር ይሳሳል። ነገር ግን ይህን የሚል ሰው፣ ማሽኑ ተገዝቶ የተሞከረበትን የአዲስ አበባን አየር ከጋምቤላው ጋር አላነጻጸረም።

እናነጻጽረው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ጋምቤላ ደግሞ ባሮ ወንዝ ዳር፣ 500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የአየሩ ግፊት አዲስ አበባ ላይ ወደ 765 ሚሊባር፣ ጋምቤላ ላይ ወደ 955 ሚሊባር ነው። ሙቀቱን እንጨምርበት። 20 ዲግሪ በሆነ የአዲስ አበባ ከሰዓት በኋላ አንድ ሜትር ኩብ አየር 0.91 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። 38 ዲግሪ በሆነ የጋምቤላ ቀትር፣ ሰው ሁሉ የማንጎ ጥላ ፍለጋ በተሰባሰበበት ሰዓት፣ ያው አንድ ሜትር ኩብ 1.07 ኪሎ ግራም ይመዝናል። የጋምቤላ አየር በዚያ ሁሉ ሙቀት ውስጥ እንኳ ከአዲስ አበባው በ17 በመቶ ገደማ ይከብዳል ማለት ነው። የውሃ ተን ከደረቅ አየር ስለሚቀል እርጥበት ክብደቱን ይቀንሳል፤ ቢሆንም የሚቀንሰው አንድ በመቶ ገደማ ነው።

የሚሽከረከር ክንፍ የሚሰጠው የማንሳት ኃይል የአየሩን እፍጋት ይከተላል፤ አየሩ በ17 በመቶ ሲከብድ፣ በዚያው ፍጥነትና በዚያው የክንፍ ዘንበል፣ ኃይሉም በ17 በመቶ ይጨምራል። ስለዚህ አዲስ አበባ ላይ የተነሳ ሄሊኮፕተር ጋምቤላ ላይ የበለጠ ጉልበት ሊኖረው ይገባል። ካልተነሳ ምክንያቱን አየሩ ውስጥ መፈለግ ትተን ወደ ማሽኑ እንመለስ። ሙቀቱ ጥፋት የለበትም አልልም፤ ጥፋቱ ግን ክንፉ ላይ ሳይሆን ሌላ ቦታ ነው፣ እዚያም እንደርሳለን።

ከመጫወቻው እንጀምር፤ ብዙ ልጆች መጀመሪያ የሚያገኙት እሱን ነውና። በአንድ ዘንግ ላይ ሁለት ክንፎች አንዱ በአንዱ ላይ ተደርበው በተቃራኒ አቅጣጫ የሚዞሩበት፣ ክብደቱ ከጥቂት አስር ግራሞች የማይበልጥ ትንሽ ሄሊኮፕተር ነው። የዚህ መጫወቻ በጣም የታወቀ አቤቱታ «ሱቅ ውስጥ ሠራ፣ ደጅ ላይ እምቢ አለ» የሚለው ነው። ከእነዚህ ብዙዎቹ የሚታዘዙት በሬዲዮ አይደለም፤ እንደ ቴሌቪዥን ሪሞት በኢንፍራሬድ ብርሃን ነው። ፀሐይም ኢንፍራሬድ ትረጫለች፣ ያውም ከሪሞቱ ትንሽ አምፖል ጋር በማይወዳደር ብዛት። የጋምቤላ ቀትር ፀሐይ የሄሊኮፕተሩን ተቀባይ ዓይን ሲያጥለቀልቀው ትእዛዙ አይለይም። ይህን ለማረጋገጥ ሁለት ቀላል ፍተሻዎች አሉ። አንደኛው ሄሊኮፕተሩን ወደ ቤት መልሶ መሞከር ነው፤ ጥላ ውስጥ ከታዘዘ ምንም አልተበላሸም። ሁለተኛው የሪሞቱን ግንባር በስልክ ካሜራ እያዩ ማንሻውን መግፋት ነው፤ በባዶ ዓይን የማይታየው ብርሃን በብዙ ስልኮች ካሜራ ሐምራዊ ሆኖ ብልጭ ሲል ይታያል። ብልጭ ካለ ሪሞቱ ኢንፍራሬድ ነው፣ እየሠራም ነው። እንዲህ ያለው መጫወቻ የሚበረው ቤት ውስጥ ወይም ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ነው። በ2.4 ጊጋኸርትዝ ሬዲዮ የሚሠራው ግን ፀሐይ አያውከውም።

መጫወቻው ተነስቶ በራሱ ዙሪያ ከዞረ ሁለቱ ክንፎች እኩል እየገፉ አይደለም። ሪሞቱ ላይ ያለው ማስተካከያ ቁልፍ የተሠራው ለዚህ ነው። ቁልፉ ጫፍ ደርሶ መዞሩ ካልቆመ ዘንጉ ላይ ፀጉር፣ ክር ወይም የሣር ጭራሮ ተጠምጥሞ እንደሆነ ይታይ፤ ከዚያ የክንፉ ጫፍ ተቆርሶ እንደሆነ። የደከመ ሞተር የመጨረሻው ጥርጣሬ ነው። ከዚህ በላይ ስለ መጫወቻው ብዙ የሚባል የለም።

እውነተኛው ሞዴል ግን ሌላ ነገር ነው። 450 በሚባለው መጠን ውስጥ ያለውን እንውሰድ። የአንዱ ክንፍ ርዝመት 325 ሚሊ ሜትር፣ ክንፎቹ የሚሠሩት ክብ ስፋት 70 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ክብደቱ ከአንድ ኪሎ በታች ነው። ዋናው ሮተር በደቂቃ 2,600 ጊዜ ሲዞር የክንፉ ጫፍ በሰዓት 350 ኪሎ ሜትር ያህል ይፈጥናል። በዚህ ፍጥነት የሚሄድ የፋይበር ክንፍ ጣት ይቆርጣል፣ ዓይን ያጠፋል። የጋምቤላ ልጆች አዲስ ነገር ሲያዩ ከበው እንደሚቆሙ እያወቁ ሰፈር መሐል ማስነሳት ወንጀል ነው ብል አላጋነንኩም። አብራሪው ራሱ ቢያንስ 5 ሜትር፣ ተመልካች ደግሞ ከዚያ በጣም ርቆ መቆም አለበት።

ብልሽት የመፈለግን ዘዴ ከማንም በላይ ያስተማረን አርተር ያንግ የሚባል አሜሪካዊ ይመስለኛል። ፕሪንስተን ሒሳብ የተማረው ይህ ሰው ከ1928 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለአሥራ ሁለት ዓመታት ያህል በትንንሽ የሄሊኮፕተር ሞዴሎች ብቻ ሲደክም ኖረ። ሞዴሎቹ ይነሳሉ፣ መወዛወዝ ይጀምራሉ፣ ይገለበጣሉ፣ ይሰበራሉ። ትልቅ ማሽን ሠርቶ ቢሆን ኖሮ የመጀመሪያው አደጋ ገንዘቡንም ምናልባትም ሕይወቱን ይጨርስ ነበር። ትንሽ ስለሆነ ግን ጠግኖ፣ አንድ ነገር ለውጦ፣ እንደገና ያስነሳል። በዚህ መንገድ ከሮተሩ ጋር እየዞረ የሚያረጋጋውን ዘንግ አገኘ። በ1941 እ.ኤ.አ. በኤሌክትሪክ ሞተር የሚሠራ ሞዴሉን ይዞ ወደ ቤል ኩባንያ ሄዶ እያበረረ አሳያቸው፤ ከዚያ ሥራ የተወለደው ቤል 47 መጋቢት 8 ቀን 1946 እ.ኤ.አ. ለሲቪል አገልግሎት ፈቃድ ያገኘ የመጀመሪያው ሄሊኮፕተር ሆነ። ዛሬ ሕፃን የሚጫወትበት መጫወቻ ላይ እንኳ፣ ጫፎቹ ላይ ክብደት ያለበት ያ ዘንግ ከክንፎቹ በላይ ሲዞር ይታያል።

ከያንግ የምንወስደው በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መለወጥን ነው። አዲስ ሄሊኮፕተር የያዘ ሰው ሲጨነቅ ጋይሮውንም (የጭራውን መዞር አይቶ የሚመልሰውን መሣሪያ)፣ የክንፉን ዘንበልም፣ የሪሞቱን ቅንብርም በአንድ ማምሻ ይነካካል፤ በማግስቱ ቢሻለው የትኛው እንዳሻለው፣ ቢብስበትም የትኛው እንዳባሰው አያውቅም። ደብተር ይዞ የቀየሩትን መጻፍ ከማንኛውም መሣሪያ ይበልጣል።

የመጀመሪያው ፍተሻ የሚደረገው ሞተሩ ከኤሌክትሪኩ ተነቅሎ ነው። ከአዲስ አበባ ተነስቶ በጅማ ወይም በነቀምቴ፣ በመቱና በጎሬ አድርጎ የመጣ ማሽን በመኪና ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ተንገጫግጯል። ብሎኖቹን አንድ በአንድ በካቻቪቴና በቁልፍ መንካት ያስፈልጋል፤ ብረት ብረት ውስጥ የሚገባበት ብሎን ሁሉ የብሎን ማጣበቂያ ጠብታ ይፈልጋል። ቀጥሎ የማንሻውን ትእዛዝ ማየት ነው። ማንሻው ወደ ፊት ሲገፋ ከሮተሩ ሥር ያለው ሳህን፣ ስዋሽፕሌት የሚሉት፣ ወደ ፊት መዘንበል አለበት፤ ወደ ግራ ሲገፋ ወደ ግራ። ከዚያ የጭራው ፍተሻ ይመጣል፣ አዲስ ማሽን ከሁሉ ይልቅ የሚሰበረው በዚህ ነውና። ሄሊኮፕተሩን በእጅ ይዞ አፍንጫውን በድንገት ወደ ግራ ማዞር፤ ጋይሮው የጭራውን ክንፎች አፍንጫውን ወደ ቀኝ በሚመልስበት አቅጣጫ ማንቀሳቀስ አለበት። በተቃራኒው ካንቀሳቀሰ፣ ማሽኑ መሬት በለቀቀ ቅጽበት መዞሩን ከማስቆም ይልቅ ያባብሰዋል፤ ሰውም ሪሞቱን ከመንካቱ በፊት ይከሰከሳል። መድኃኒቱ ጋይሮው ውስጥ አንድ ማብሪያ መገልበጥ ነው።

አንዳንዴ ስዋሽፕሌቱ በትክክል ዘንብሎም ሄሊኮፕተሩ ወደ ሌላ አቅጣጫ ይሄዳል። ወደ ፊት ሲሉት ወደ ጎን ይንሸራተታል። ይህን ለመረዳት እንዝርት የሚያሽከረክሩ እናቶችን ማየት ይበቃል፤ በፍጥነት የሚዞር እንዝርት በጣት ቢነካ በተገፋበት በኩል አይወድቅም፣ ወደ ጎን ይዞራል። ሮተርም እንዲሁ ነው። በአንድ በኩል የተጨመረው የማንሳት ኃይል ውጤቱ የሚታየው ሩብ ዙር ዘግይቶ ነው። ሠሪዎቹ ይህን አስልተው ዘንጎቹን በሩብ ዙር አስቀድመው አቀናጅተውታል። ስለዚህ ወደ ጎን የሚሄድ ማሽን ሲገጣጠም ዘንጎቹ ከቦታቸው ተዛንፈዋል፣ ወይም የቁጥጥር ሳጥኑ ሮተሩ በተቃራኒ አቅጣጫ የሚዞር መስሎታል። ሰርቮ፣ ማለትም ዘንጎቹን የሚገፋውን ትንሽ ሞተር፣ መቀየር አያስፈልግም።

መንቀጥቀጥ ደግሞ የራሱ ምርመራ አለው። ዋና ክንፎቹንም የጭራ ክንፎቹንም ፈትቶ ሞተሩን በቀስታ ማስነሳት። ያለ ክንፍ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ጥፋቱ የተጣመመ ዘንግ፣ የተዛነፈ ጥርስ ወይም ሞተሩ ነው። ያለ ክንፍ ጸጥ ካለ ክንፎቹን መልሶ መግጠም፤ አሁን ከተንቀጠቀጠ ክንፎቹ ራሳቸው ናቸው። ሁለቱን በወርቅ ቤት ዓይነት ሚዛን መመዘንና በቀለለው ጫፍ ላይ ቴፕ መለጠፍ ግማሹን ችግር ያቃልላል። ሌላው ግማሽ አንዱ ክንፍ ከሌላው ከፍ ብሎ መሄዱ ነው። በሁለቱ ጫፎች ላይ የተለያየ ቀለም ያለው ቴፕ ተለጥፎ ሮተሩ ሲዞር ከጎን ቢታይ የትኛው ከላይ እንደሆነ ይለያል፤ የከፍተኛው ዘንግ በግማሽ ዙር ይስተካከላል። ግን ከጎን ሆኖ የሚያይ ዓይን ክንፉ ቢሰበር በሚወረወርበት መስመር ላይ ነው። ስልክ ድንጋይ ላይ አስደግፎ ቪዲዮ መቅረጽ ይሻላል።

እዚህ ላይ አየሩ ተመልሶ ይመጣል፣ ከጠበቅነው በተቃራኒ። አዲስ አበባ ላይ ተስተካክሎ በደንብ ይቆም የነበረ ሄሊኮፕተር ጋምቤላ ሲደርስ ጭራውን በፍጥነት ሊወዘውዝ ይችላል። ጋይሮው የጭራውን መዞር ባየ ቁጥር የሚመልስበት ጥንካሬ በቅንብር ይወሰናል። አዲስ አበባ ላይ ይህ ጥንካሬ ልክ ወደ ላይኛው ዳር ተገፍቶ ከነበረ፣ 17 በመቶ በከበደ አየር ውስጥ የጭራ ክንፎቹ የበለጠ ይገፋሉ፤ ጋይሮው አለፍ አድርጎ ይመልሳል፣ እንደገና ይመልሳል፣ ጭራው ይወዛወዛል። የጋይሮውን ጥንካሬ ትንሽ ዝቅ ማድረግ ይበቃል። በአንድ በኩል ቀስ ብሎ የሚንሸራተት ጭራ ግን ሌላ በሽታ ነው። ጋይሮው ባትሪ በተሰካበት የመጀመሪያ ሰከንዶች ውስጥ ዝም ብሎ መቀመጥ ይፈልጋል፣ «ዜሮዬ ይህ ነው» ብሎ የሚይዘው ያኔ ነውና። በእጅ እንደተያዘ ከተከፈተ፣ ወይም ከቀዝቃዛ ክፍል ወጥቶ ወዲያው ፀሐይ ላይ ከተከፈተና ከዚያ ከሞቀ፣ ዜሮው ይሸሻል። ጥላ ውስጥ አሥር ደቂቃ ያህል አስቀምጦ መክፈት መፍትሔው ነው።

በሽታ ያልሆኑ ሁለት ምልክቶችም አሉ፣ አዲስ ሰው ሲጠግናቸው ጤነኛ ማሽን ያበላሻል። አንደኛው፣ ከሮተሩ ስፋት ግማሽ በታች በሆነ ከፍታ ላይ ሄሊኮፕተሩ ይንሸራተታል፣ ይናወጣል። የራሱ ክንፍ ወደ ታች የገፋው አየር ከመሬት ተመትቶ እየተመለሰ ነው። ወደ አንድ ሜትር ገደማ ከፍ ሲል ይረጋጋል። ሁለተኛው ማዘንበል ነው። የጭራው ሮተር ማሽኑን ከመዞር ሲያግድ ወደ ጎንም ይገፋዋል፤ ይህን ለመመከት ሮተሩ ከላይ ሲታይ በሰዓት አቅጣጫ የሚዞር ሞዴል ትንሽ ወደ ቀኝ ዘንበል ብሎ ይቆማል። ትክክለኛው አቋሙ ይህ ነው። ከማሽኑ ማረፊያ እግር ሥር የሚታሰር፣ አራት ጫፎቹ ላይ ኳስ ያለበት መስቀለኛ እግር ለጀማሪ እጅግ ይጠቅማል። የሄሊኮፕተር ሠሪው ሲኮርስኪ እንኳ መስከረም 14 ቀን 1939 እ.ኤ.አ. ቪኤስ-300 የተባለውን ሄሊኮፕተሩን መጀመሪያ ሲያስነሳ በገመድ አስሮት ነበር። ሞዴልን ግን ማሰር አይመከርም፤ ገመዱ ሲወጠር ይገለብጠዋል።

አሁን ወደ ሙቀቱ። በከበደው አየር ምክንያት ጋምቤላ ላይ ተንሳፍፎ ለመቆም የሚያስፈልገው ጉልበት ከአዲስ አበባው በ8 በመቶ ገደማ ያንሳል። ሙቀቱ ይህን ትርፍ መልሶ የሚወስደው በሞተሩ፣ በፍጥነት መቆጣጠሪያውና በባትሪው በኩል ነው። 38 ዲግሪ አየር በ20 ዲግሪ አየር ልክ አያቀዘቅዝም። የተለመደው ቅሬታ «ሦስት ደቂቃ በደንብ በረረና አቅም አጣ» ነው። ሁለት ተጠርጣሪዎች አሉ፣ ለመለየትም ቀላል ነው። እንዳረፈ ወዲያው የባትሪውን እያንዳንዱን ሴል በመልቲሜትር መለካት። ሙሉ ሴል 4.2 ቮልት ነው፤ ከ3.7 በላይ ከሆነ ባትሪው አላለቀም፣ ስለዚህ መቆጣጠሪያው ሞቆ ራሱን እየቀነሰ ነው። ወደ 3.3 ከወረደ ባትሪው ነው። ሞተሩ ላይ ጣት ለጥቂት ሰከንድ ማቆየት ካልተቻለ 60 ዲግሪ አካባቢ ደርሷል፤ ከ80 ዲግሪ በላይ ሲሆን የተለመደው ዓይነት የኒዮዲሚየም ማግኔት ጉልበቱን ለዘለቄታው ማጣት ይጀምራል። አንድ ብዙ ሰው የማያስበው ምክንያትም አለ። ቀዝቃዛ ቦታ ላይ በጠበቀ ልክ የተገጠመ የፕላስቲክ ጥርስ ሲሞቅ ይሰፋል፤ ጥቂት መቶኛ ሚሊ ሜትር ብቻ ቢሆንም ሞተሩን ለማነቅ ይበቃዋል። በጥርሶቹ መሐል ቀጭን ወረቀት አስገብቶ ርቀቱን ማስተካከል የቆየ ዘዴ ነው፤ ጋምቤላ ላይ መስተካከል ያለበት በቀትር ሙቀት እንጂ በማለዳ አይደለም።

ስለ ሊቲየም ባትሪው ጠንከር ብዬ ልናገር። ያበጠ ባትሪ አይሞላም፣ አይበርም። ሞልቶ ለቀናት በዚያ ሙቀት የተቀመጠ ባትሪ ቶሎ ያረጃል፤ የማይበረርበት ሳምንት ከሆነ በሴል 3.8 ቮልት ላይ ይቀመጥ። ተዘግቶ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ መተው ደግሞ እሳት መጋበዝ ነው። የሣር ክዳን ባለው ጎጆ ውስጥ በፍጹም ቻርጅ አይደረግ። ውጭ፣ ጥላ ሥር፣ አሸዋ በተነጠፈበት ክፍት ሸክላ ላይ፣ ሰው እያየው ይሞላ። በአውሮፕላን የሚጓዝ ሰው ባትሪውን በእጅ ሻንጣ ይያዘው፣ ጫፎቹን በቴፕ ሸፍኖ።

ፈቃድም አለ። በኢትዮጵያ ሰው አልባ በራሪ መሣሪያ ለማስገባትና ለማብረር የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር ፈቃድ ይጠየቃል። ክልሉ ከደቡብ ሱዳን ጋር ይዋሰናል፣ አውሮፕላን ማረፊያ አለው፣ የጋምቤላ ብሔራዊ ፓርክም አለው፤ ነጭ ጆሮ ቆርኬዎች በሚሰደዱበት መስክ ላይ ጫጫታ ይዞ መሄድ ያስደነብራቸዋል። ፈቃዱ እስኪወጣ ፍተሻውን በሙሉ ግቢ ውስጥ፣ ያለ ክንፍ መጨረስ ይቻላል።

የመጀመሪያው በረራ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል አካባቢ ይሁን፣ ነፋሱ ሳይነሳ፣ ሣሩ ባጠረበት ደልዳላ ሜዳ ላይ። ረጅም ሣር የጭራውን ሮተር ይይዛልና። አዲስ አበባ ላይ በደቂቃ 2,600 ዙር የጠየቀው ማሽን እዚህ 2,400 ይበቃዋል፤ ዙሩ 2,600 ላይ ከተተወ ግን ማንሻው መሐል ሲደርስ ዘሎ እንዳይነሳ የክንፉ ዘንበል አስቀድሞ ትንሽ ይቀነስ። ማሽኑ ወደ ጎሬ፣ 2,000 ሜትር ገደማ ወዳለው ደጋ፣ ወይም ተመልሶ ወደ አዲስ አበባ ሲሄድ ደግሞ ሥራው ሁሉ በተቃራኒው ይደገማል፦ ዙሩ ወደ 2,600 ይመለሳል፣ የጋይሮው ጥንካሬ ከፍ ይላል፣ የጥርሶቹ ርቀት በብርዱ እንደገና ይለካል። ለዚህ ነው ደብተሩ ላይ ከእያንዳንዱ ቅንብር አጠገብ የከተማው ስም፣ የቀኑ ሙቀትና ሰዓቱ መጻፍ ያለበት።